የቤታችን ኮምፒውተር አንቲቫይረስ ፍለጋ፦ እየሠራሁ የያዝኩት ማስታወሻ

ኅዳር 4፣ ሐሙስ ማታ

ነገሩ የጀመረው በባለቤቴ ፍላሽ ነው። አስተማሪ ናት፣ የ8ኛ ክፍል ፈተና ቤት ጻፈችና ትምህርት ቤታቸው አጠገብ ያለ ኮፒ ቤት ወስዳ ፕሪንት አስደረገች፣ ማታ ፍላሹን መልሳ ስትሰካ ፎልደሮቿ በሙሉ የሉም፣ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ የፍላሹ ስም የተጻፈበት ሾርትከት፣ ያቺ ጥጓ ላይ ትንሽ ቀስት ያለባት። ደብል ክሊክ ስታደርገው ደሞ ፋይሎቹ ቁጭ ብለው ይታያሉ! ስለዚህ ምን ችግር አለው ብላ ሥራዋን ቀጠለች። እኔ ሻይ ይዤ ከኋላዋ ሳልፍ ነው ያየሁት።

የዚህ ቫይረስ ክፋቱ እዛው ላይ ነው። ፋይላችሁን አያጠፋም፣ ይደብቀውና በቦታው ሾርትከት ያስቀምጣል፣ እናንተ ሾርትከቱን ስትነኩ መጀመሪያ ራሱን ያስነሳል ከዛ የተደበቀውን ፎልደር በጨዋነት ይከፍትላችኋል፣ ፋይሉ ስለተከፈተ ማንም አይጠረጥርም። ካምፓስ እያለን ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ሲዞር የከረመ ነገር ነው፣ ጠፍቷል ብዬ ነበር።

ኮምፒውተሩ ከመርካቶ የገዛሁት ያገለገለ ዴስክቶፕ ነው። ፕሮሰሰሩ አራተኛ ጀነሬሽን ኮር አይ ፋይቭ፣ 8 ጊጋ ራም፣ ሃርድ ዲስኩ ኤስኤስዲ ሳይሆን ያው የሚሽከረከረው አሮጌው ዓይነት፣ ዊንዶውስ 10 ተጭኖበት ነው የመጣው። እሷ ፈተና ትጽፍበታለች፣ ልጁ ጌም ይጫወትበታል፣ ልጅቷ ፊልም ታይበታለች፣ እኔ ሲበላሽ እጠራለሁ።

ኅዳር 5፣ አርብ

መጀመሪያ ፈተናውን ማዳን። ኮማንድ ፕሮምፕት ከፈትኩ፣ የፍላሹን ፊደል ጻፍኩ፣ ከዛ አትሪብ (እዚህ የተደበቀውን የሚገልጥልኝ ትእዛዝ) ብዬ መቀነስ ኤች፣ መቀነስ ኤስ፣ መቀነስ አር፣ መጨረሻ ላይ ስላሽ ኤስ እና ስላሽ ዲ። ኢንተር። ፍላሹን ስከፍተው ስም የሌለው ፎልደር ብቅ አለ። እውነት ስም የለውም ማለት አይደለም፣ ስሙ የማይታይ ክፍት ቦታ ነው፣ ስፔስ የሚመስል ግን ስፔስ ያልሆነ ፊደል። ውስጡ ፈተናው፣ የተማሪዎች ማርክ፣ የእህቷ ሠርግ ፎቶ፣ ሁሉም አለ። ባለቤቴ እግዜር ይስጥህ ብላ ማርኩን ወደ ራሷ ስልክ ላከችና ሄደች፣ ለሷ ጉዳዩ አለቀ።

ለኔ ግን አሁን ነው የጀመረው። ምንም የሌለበት ንጹህ ፍላሽ አምጥቼ ሰካሁ። እስከ አስር ሳልቆጥር ያቺ ቀስት ያላት ነገር ተፈጠረችበት። ኮምፒውተሩ ራሱ ተይዟል ማለት ነው፣ እኛ ቤት የገባ ፍላሽ ሁሉ በሽታ ይዞ ይወጣል።

እና አንቲቫይረሱ የት ሄዶ ነው? የዊንዶውስ ሴኩሪቲን ከፈትኩት። አረንጓዴ ምልክት። ችግር የለም ይላል፣ ዲፌንደር (ከዊንዶውሱ ጋር አብሮ የሚመጣው አንቲቫይረስ) በርቷል፣ አፕዴቱም የዛሬ ነው። ስካን አልኩት፣ በደቂቃ ውስጥ ጨርሶ ምንም አላገኘሁም አለኝ። ግማሽ ሃርድ ዲስክ የሞላ ኮምፒውተር በደቂቃ ውስጥ! እዚህ ጋ መጠርጠር ነበረብኝ፣ አልጠረጠርኩም፣ ዲፌንደር ከንቱ ነው ብዬ ሌላ ልፈልግ ተነሳሁ።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ

ሰው ሁሉ ምክር አለው። የቢሮ ጓደኛዬ ካስፐርስኪ ጫን አለኝ፣ የጎረቤት ልጅ ስማዳቭ በቂ ነው አለኝ፣ አንዱ ሊኑክስ ጫንና ተገላገል አለ (ይሄ ሰው ስለ ምንም ነገር ብትጠይቁት ሊኑክስ ነው የሚለው)፣ ኮምፒውተር የሚጠግነው ሱቅ ደሞ ሳያይ ፎርማት ይደረግ፣ 600 ብር።

ቁጭ ብዬ የኛን ቤት ሁኔታ ጻፍኩ። ዶላር የሚከፍል ካርድ የለኝም፣ ስለዚህ በዓመት ይታደስ የሚባል ነገር ለኔ አይሆንም። ኢንተርኔታችን ከስልክ ሆትስፖት ነው፣ ፓኬጅ ተገዝቶ። ሃርድ ዲስኩ ዘገምተኛ ነው። እና ዋናው በሽታ የሚመጣው ከኢንተርኔት ሳይሆን ከፍላሽ ነው። ፈረንጆቹ ምርጥ አስር ብለው ሲዘረዝሩ ቪፒኤን አለው፣ ፓስወርድ ማስቀመጫ አለው፣ የባንክ መከላከያ አለው ይላሉ፣ የኛን ጥያቄ የሚጠይቅ የለም።

ከቁልፍ ሻጮችም ጋር ታሪክ አለኝ። አምና ከአንድ ሱቅ የአንድ አንቲቫይረስ የዓመት ላይሰንስ ገዝቼ 3 ሳምንት ሠርቶ ቁልፉ ታገደ። ያንኑ ቁልፍ ለስንት ሰው እንደሸጠው እሱና ፈጣሪ ናቸው የሚያውቁት። ተመልሼ ስሄድ ወንድሜ ኢንተርኔት ላይ ስላስገባኸው ነው አለኝ። አንቲቫይረስን ኢንተርኔት ላይ ካላስገባሁት ምን ላርገው?

እና ነፃዎቹን ማየት ጀመርኩ። አቫስት፣ ኤቪጂ፣ አቪራ እና ኖርተን አራት የተለያዩ ተፎካካሪዎች ይመስሉኝ ነበር፣ አሁን ሁሉም ጀን ዲጂታል በሚባል አንድ ኩባንያ ሥር ናቸው። ስለ አቫስት ደሞ የአሜሪካው የንግድ ኮሚሽን በ2024 በፈረንጆቹ የተጠቃሚዎችን የብሮውዘር መረጃ ሰብስቦ በመሸጥ 16.5 ሚሊዮን ዶላር ክፈል እንዳለው አነበብኩ፣ መረጃውን ይሸጥ የነበረው ጃምፕሾት የሚባለው ቅርንጫፋቸው በ2020 ተዘግቷል። የተዘጋ ጉዳይ ነው ግን ነፃ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ትንሽ አሳሰበኝ። ካስፐርስኪን አሜሪካ በዛው በ2024 ሽያጩን ከልክላለች፣ ምክንያቷ የሩሲያ ኩባንያ መሆኑ ነው፣ እዚህ አገር እገዳ የለም፣ በመያዝ ችሎታው የሚታማም አይደለም፣ ከፖለቲካው ውስጥ ግን እጄን ማስገባት አልፈለግኩም። የስሎቫኪያው ኢሴት ቀላል ነው ይሉታል፣ ለቤት ኮምፒውተር ግን የሙከራ ጊዜው ሲያልቅ ይከፈልበታል። የሮማንያው ቢትዲፌንደር ነፃ አለው፣ አካውንት ክፈት ይላል። ስማዳቭ የኢንዶኔዥያ ነው፣ ለፍላሽ ተብሎ የተሠራ፣ ራሳቸው ሠሪዎቹም ከሌላ አንቲቫይረስ ጋር እንደ ሁለተኛ ተጠቀሙበት ነው የሚሉት፣ ብቻውን ጫንኩ ብሎ የሚተኛ ሰው ተሳስቷል።

የሙከራ ውጤቶችንም አየሁ፣ የጀርመኑ ኤቪ ቴስት እና የኦስትሪያው ኤቪ ኮምፓራቲቭስ የሚያወጧቸውን። የኤቪ ቴስት ነጥብ ከ18 ነው፣ ለመከላከል 6፣ ለፍጥነት 6፣ ለአጠቃቀም 6። እና የሚገርመው ያ እኔ ከንቱ ያልኩት ዲፌንደር ሙሉ ነጥብ ያገኘባቸው ዙሮች ብዙ ናቸው። ኤቪ ኮምፓራቲቭስ ጋ ደሞ ለኛ አገር የሚጠቅም ነገር አገኘሁ፣ ኢንተርኔት ተቋርጦ ሲፈተን የዲፌንደር የመያዝ አቅም ጎላ ብሎ ይቀንሳል፣ ብዙውን ሥራ የሚሠራው ከክላውድ (ኢንተርኔት ላይ ካሉት የኩባንያው ሰርቨሮች) ጋር እየተነጋገረ ነውና። ፓኬጅ ባለቀበት ቤት ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም።

ኅዳር 7፣ እሁድ

አንዱን ነፃ አንቲቫይረስ ጫንኩ (ስሙን ልተወው)። ዳውንሎዱ ብቻ የሳምንቱን ፓኬጅ ግማሽ በላው።

እውነቱን ልናገር፣ ሠርቷል። ፍላሹን ስሰካ ሾርትከቷን ያዛት፣ ኮምፒውተሩ ውስጥም አንድ ፋይል አገኘና ኳራንታይን (ማግለያ ቦታ) ከተተው። ግን ከዛ በኋላ ያለውን አትጠይቁኝ። ታስክ ማናጀር ስከፍት ዲስኩ 100 ፐርሰንት ላይ ተተክሏል፣ ወርድ ለመክፈት ባለቤቴ ሄዳ ቡና አፍልታ ልትመጣ ትችላለች። ማታ ላይ ልጅቷ ሳሎን መጥታ፦

"አባዬ፣ ኮምፒውተሩ 37 ችግር አለብኝ ይላል።"

ሄጄ አየሁት። በቀይ ተጽፏል። ተራ በተራ ስከፍታቸው ብዙዎቹ የብሮውዘር ኩኪ እና ጊዜያዊ ፋይል ናቸው፣ አስተካክል የሚለውን ስነካው ክፈል ይላል። ልጄን አስፈራርቶ ከኔ ኪስ ብር ሊያወጣ ማለት ነው። ነቀልኩት። በተራ መንገድ ሲነቀል ደሞ ትርፍራፊ ስለሚቀር የራሱን ማስወገጃ ፕሮግራም ማውረድ ነበረብኝ፣ ተጨማሪ ፓኬጅ።

ግን አንድ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ይሄኛው በሰከንድ ያያትን ሾርትከት ያ 18 ከ18 የሚያገኘው ዲፌንደር እንዴት ሳያያት ቀረ?

ኅዳር 8፣ ሰኞ

ዛሬ ነው የገባኝ።

ኢካር የሚባል የሙከራ ፋይል አለ። 68 ፊደል ያላት አንዲት መስመር ጽሑፍ ናት፣ ምንም ጉዳት የላትም፣ አንቲቫይረስ ሠሪዎች ሁሉ ይቺን ካያችሁ ቫይረስ እንዳያችሁ ጩኹ ብለው ተስማምተውባታል። ኖትፓድ ላይ ጽፋችሁ ሴቭ ስታደርጉ ጤነኛ አንቲቫይረስ ወዲያው ይንጫጫል። ጻፍኳት፣ ዴስክቶፕ ላይ ሴቭ አደረግኳት። ዝም። ከፈትኳት። ዝም። ዲ ድራይቭ ላይ ኮፒ አደረግኳት። ዝም። አረንጓዴው ምልክት እንዳለ አለ።

ያንኑ መስመር በቴሌግራም ለጎረቤት ልጅ ልኬ እሱ ላፕቶፕ ላይ ሞከርነው፣ እሱም ዲፌንደር ነው ያለው፣ ሴቭ ከማለቱ ጥግ ላይ ኖቲፊኬሽኑ ወጣ፣ ፋይሏም ጠፋች። ያው ዲፌንደር፣ ያው ዊንዶውስ 10።

ቤት ተመልሼ ሴቲንጉን ቅጠል በቅጠል አገላበጥኩት። ቫይረስ መከላከያ፣ ከዛ ሴቲንግ ማስተካከያ፣ ከዛ ወደ ታች እስከ መጨረሻው፣ ኤክስክሉዥን የሚል አለ፣ እነዚህን አትመልከት ብላችሁ የምታዙበት ቦታ ነው። ከፈትኩት።

ሲ ድራይቭ። ዲ ድራይቭ። ኢ ድራይቭ። ኤፍ ድራይቭ።

አራት መስመር። ዘበኛ ቀጥራችሁ ወንበር ሰጥታችሁ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙራችሁ ማስቀመጥ ማለት ነው። ስካኑ በደቂቃ ያለቀው ለዚህ ነው፣ የሚያየው ነገር የለውማ! ኢ እና ኤፍ ደሞ ፍላሽ ሲሰካ የሚይዛቸው ፊደሎች ናቸው።

ማን አደረገው? ኮምፒውተሩ ሲገዛ ዊንዶውሱ በአክቲቬተር ነው የተከፈተው፣ ክራክ፣ ያልተከፈለበትን ፕሮግራም እንደተከፈለበት የሚያስመስል ነገር። እነዚህ ነገሮች አንቲቫይረስ እንዳይበላቸው ሲጫኑ ወይ ዲፌንደርን ያጠፉታል ወይ ራሳቸውን ኤክስክሉዥን ውስጥ ይጽፋሉ፣ አንዳንዱ ሰነፍ ደሞ ሙሉ ድራይቩን ይጽፈዋል። ወይ የጫነው ልጅ በእጁ ጽፎታል። እኔም ብሆን በዘመኔ ክራክ ስጭን አንቲቫይረስህን መጀመሪያ አጥፋ ሲለኝ እሺ ጌታዬ ብዬ ያጠፋሁ ሰው ነኝ፣ ሰው ላይ አልፈርድም።

አራቱንም ሰረዝኳቸው። ሻይ እንኳን ሳልቀዳ ጥጉ ላይ ኖቲፊኬሽን ይዘንብ ጀመር። መጀመሪያ የሙከራ ፋይሏ ከዴስክቶፕ ተነሳች። ቀጥሎ አክቲቬተሩ፣ ሃክቱል ብሎ ኦቶኬኤምኤስ የሚል ስም ሰጥቶ። ቀጥሎ ልጁ ዳውንሎድ ያደረገው የጌም ክራክ። ቀጥሎ ስሙን ሰምቼው የማላውቅ ነገር ከተደበቀ ፎልደር ውስጥ። ስንት ጊዜ ተቀምጠው እንደነበር አስቡት። ልጁ ከኋላዬ ቆሞ "ጌሜን አጠፋብኝ" ይላል።

ኅዳር 11፣ ሐሙስ

ዊንዶውሱ እየሠራ እያለ የሚደበቁ ስላሉ የዲፌንደር ኦፍላይን ስካን የሚባለውን አስነሳሁ። ኮምፒውተሩ ሪስታርት ያደርግና ዊንዶውስ ሳይነሳ በፊት ይፈትሻል፣ 15 ደቂቃ ገደማ ነው ይላሉ፣ የኛ ዲስክ ላይ ከዛ በላይ ነው። ግማሽ ደርሶ መብራት ጠፋ። ዩፒኤስ የለንም። ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብዬ ሃርድ ዲስኩ ቀስ እያለ ሲቆም ሰማሁት፣ ከዛ ሻማ ፍለጋ።

ኅዳር 12፣ አርብ ጠዋት

ሚካኤል። ኅዳር ሲታጠን ነው፣ ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን ጠርጎ እያቃጠለ ጭሱ በመስኮት ይገባል። እናቴ ይሄ የኅዳር በሽታ ጊዜ የተጀመረ ነው ትላለች፣ በ1911 ያ ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባን ሲያረግፍ። መብራቱ ስለመጣ ስካኑን እንደገና አስነሳሁት። ውጪ ጭስ፣ ቤት ውስጥ ስካን። ባለቤቴ እኔንና ስክሪኑን አይታ "አንተም እያጠንክ ነው?" አለችኝ።

ጨረሰ። ሁለት ነገር አግኝቶ አጠፋ። ንጹሁን ፍላሽ እንደገና ፎርማት አድርጌ ሰካሁ፣ እስከ ሃምሳ ቆጠርኩ፣ ምንም አልተፈጠረበትም።

ስለዚህ ምርጫው አለቀ፣ ሌላ አልጭንም። ዲፌንደር ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ አብሮ የሚመጣ ነው፣ አይከፈልበትም፣ ካርድ አይጠይቅም፣ ልጄን አያስፈራራም፣ በዚህ ዲስክ ላይም ከሞከርኩት ይሻላል። ሁለት አንቲቫይረስ አብሮ ማስኬድ ደሞ እርስ በርስ ማጋጨት ነው።

የቀየርኳቸው ነገሮች አሉ። ታምፐር ፕሮቴክሽን የሚባለው ጠፍቶ ነበር አበራሁት፣ ሌላ ፕሮግራም ዲፌንደርን እንዳያጠፋው ነው። የማይፈለጉ አፖችን አግድ የሚለውንም አበራሁ። ኮንትሮልድ ፎልደር አክሰስ የሚባል አለ፣ ራንሰምዌር (ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ) ዶክመንታችሁን እንዳይቆልፍ የማይታወቅ ፕሮግራም እዛ ፎልደር ውስጥ እንዳይጽፍ ይከለክላል፣ ሲመጣ ጠፍቶ ነው የሚመጣው። አበራሁትና ዲ ድራይቭ ላይ ያለውን ፈተና የሚባለውን ፎልደር ጨመርኩበት። በሰዓቱ ልጁ ጌሙ ሴቭ አላደርግ አለ ብሎ መጣ፣ ያው ሴቩ ዶክመንት ውስጥ ስለሆነ ነው፣ ለሱ ጌም ፈቃድ ሰጠሁት። ለአፕዴቱ ደሞ ፓኬጅ ባለቀ ሳምንት ሙሉውን የዲፊኒሽን ፋይል (ቫይረሶችን የሚለይበትን ዝርዝር) ከቢሮ አወርዳለሁ፣ ከ100 ሜጋባይት በላይ ነው፣ በፍላሽ ነው የማመጣው (አዎ፣ በፍላሽ)።

አክቲቬተሩ በመጥፋቱ ስክሪኑ ጥግ ላይ ዊንዶውስን አክቲቬት አድርጉ የሚል ደብዛዛ ጽሑፍ መጥቷል። ይኑር። ዳራ ፎቶ መቀየር ከለከለኝ እንጂ ሥራ አልከለከለኝም። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፣ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን ተራ አፕዴት ጥቅምት 4፣ 2018 ላይ አቁሟል። የዲፌንደር ዲፊኒሽን ቢያንስ እስከ 2028 በፈረንጆቹ ይቀጥላል ብለዋል ግን ዊንዶውሱ ራሱ ላይ የሚገኝ ቀዳዳ በሱ አይደፈንም፣ ይሄ ፕሮሰሰር ደሞ ለዊንዶውስ 11 አይበቃም፣ ስምንተኛ ጀነሬሽን ነው የሚጠይቀው። ያ የሊኑክስ ሰውዬ ሳይስቅብኝ አይቀርም።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ

ኮፒ ቤቱ ሄድኩ፣ ልጁን ልቆጣው ሳይሆን ለማየት። ኮምፒውተሩ ላይ ሦስት ፍላሽ ተሰክቷል፣ አራተኛ ሰው ተሰልፏል።

"አንቲቫይረስ የለህም እንዴ?" አልኩት።

"ነበረን ጋሼ፣ አጠፋነው።"

"ለምን?"

"የሰው ፍላሽ ሲሰካ ክራኩን ያጠፋበታል፣ ከዛ ሰውዬው ፋይሌን በላህብኝ ብሎ ይጣላናል። በቀን ስንት ጥል ይቻላል?"

መልስ አልነበረኝም። በቴሌግራም ብንልክልህስ ስለው ደስ አለው፣ ብዙ ሰው እንደዛ ነው አሁን፣ ፒዲኤፍ አድርጋችሁ ላኩ፣ ወርድ ከሆነ ፊደሉ ይበላሻል አለኝ። ባለቤቴ ከዛሬ ጀምሮ ፈተናውን ፒዲኤፍ አድርጋ ትልካለች፣ ኮፒው ደሞ ሴቭድ መሴጇ ውስጥ ይቀራል።

ኅዳር 22፣ ሰኞ

ይሄን ዘግቼው ነበር። ዛሬ ባለቤቴ የሥራ ባልደረባዋን ፍላሽ ይዛ መጣች፣ የመምሪያቸው የጋራ ፈተና አለበት። ሰካችው። ሁለት ሰከንድ ሳይሞላ ዲፌንደር ስጋት አግኝቻለሁ አለ፣ ሾርትከቷን አነሳት። እኔ ጮቤ ረገጥኩ።

እሷ ግን ስክሪኑን እያየች ነው። ፍላሹ ባዶ ነው።

"እና አሁን ፈተናው የት ሄደ?"

አለ። ዲፌንደር ሾርትከቷን ያጠፋል እንጂ ቫይረሱ የደበቀውን አይገልጥም፣ እሱ ሥራው አይደለም። እንደገና ኮማንድ ፕሮምፕት፣ እንደገና አትሪብ፣ መቀነስ ኤች፣ መቀነስ ኤስ። ስም የለሹ ፎልደር ብቅ አለ።

ሁልጊዜ እኔን ከምትጠብቅ ትእዛዟን ባች ፋይል (ሲከፈት ትእዛዙን ራሱ የሚያስኬድ ፋይል) አድርጌ ዴስክቶፕ ላይ አስቀመጥኩላት፣ የፍላሹን ፊደል ትጽፍና ኢንተር ትላለች። ስሙን ምን ልበለው ስላት እሷው መጥታ ጻፈችው፦ "ፈተናው የት ሄደ"።